ድንጋይ ወረፋ ሲይዝ

«በዚህ ሥራ ውስጥ አንቺ ራስሽ የሠራሽው የቱ ነው?»

ሃያ ሰባት ገጽ ሪፖርት ልኬ የተመለሰልኝ ይቺ በቀይ የተጻፈች አንድ መስመር ናት። ከሥሯ «አልተሟላም» ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሁለተኛው ግምገማም እንዲሁ ከሆነ ከፕሮግራሙ እንደምሰናበት፣ እስካሁን ላሳየሁት ትጋት ግን ከልብ እንደሚያመሰግኑኝ ተጽፏል። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ሲያባርሩም አመስግነው ነው። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ቢሆን «ኸላስ፣ በቃ» ብለውኝ አንዴ አልቅሼ እገላገል ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። ሥራና ዲግሪ አንድ ላይ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። በሳምንት አራት ቀን ሶፍትዌር ቢሮ ውስጥ እንደ ተለማማጅ ትሠራለህ፤ በቀረው በኢንተርኔት ትማራለህ። አራት ዓመት ከቆየህና ከሁለቱ ግምገማዎች አንዱን ካለፍህ ዲግሪው ያንተ ነው፣ ቢሮውም በቋሚነት ይቀጥርሃል። እናትና አባቴ ከጎንደር በኩል ገላባትን በእግራቸው ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ እኔ የተወለድሁት እዚሁ ነው። ሆኖም በወረቀቴ ላይ ስለኔ የሰፈረው ቃል አንድ ብቻ ነበር፦ ስደተኛ። ከሱ ቀጥሎ ሌላ ቃል እንዲጻፍልኝ ነበር ጉጉቴ ሁሉ። መሐንዲስ ቢባልልኝ አልጠላም።

ጉጉቱ ደግ ነው፤ ሳምንቱ ግን አልበቃ አለ። በሱዳን ሥራ የሚገባው ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረው ከሰኞ እስከ ዓርብ። ዓርብ ሱዳን ሲያርፍ እኔ ትምህርት አለኝ፤ እሑድ ሐበሻው ሲያስቀድስ ቢሮ እገባለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ የእናቴ ነው፣ የሳምንቱ ልብስ ይታጠባል። በውሌ ላይ ሐሙስ የጥናት ቀን ተብሎ ተፈርሞበታል። አለቃዬ የሳምንቱ አጣዳፊ ሥራ ሁሉ ትዝ የሚለው ሐሙስ ጠዋት ነው። እግዜር እንኳ በሰባተኛው ቀን አርፏል፤ እሱ ግን ተለማማጅ አልነበረም።

አለቃዬን ሁሉም ሰው «ባሽሙሀንዲስ» ነው የሚለው፤ ዋና መሐንዲስ እንደማለት ነው። ጦርነቱ ካርቱምን ሲያፈርሰው ቢሮውን በሁለት ሻንጣ ይዞ ወደኛ ተፈናቀለ። በስደት ነባሮቹ እኛ ነን፤ የት ቤት እንደሚከራይ፣ የትኛው ቢሮ ማለዳ እንደሚከፈት ያሳየነው እኛ ነን። የትራክተር መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱቅ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራየ። ፊት ለፊት መካኒኮቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፤ ከኋላ እኛ ኮድ እንጽፋለን። በውሉ መሠረት በሳምንት አንድ ሰዓት እየመራ ሊያስተምረኝ ይገባል። ሻዩን ይዞ ይመጣና «ኩሉ ተማም?» ይለኛል፣ ሁሉ ደህና ነው ወይ ማለቱ ነው። «ተማም» እላለሁ። ይፈርማል። ሰዓቷ ይቺው ናት።

እንግዲህ ወደ ቀዩ ጥያቄ ልመለስ። ጥፋቴ ምን እንደሆነ ሳገላብጥ ደረስሁበት፤ ከዳር እስከ ዳር «ሠራን፣ አሻሻልን፣ ተሳካልን» ብዬ ነበር የጻፍሁት። ምን ላድርግ? በኛ ቤት እኔ እኔ የሚል ልጅ አይወደድም። «እኔ ማለት የሰይጣን ነው፤ ከሰማይ የወደቀው በሷ ነው» እያለች ነው እናቴ ያሳደገችን። ወጥ ብቻዋን ሠርታ እንኳ «ሠራነው» ነው የምትለው። የሚያስቀው ግን በዚያ ሪፖርት ውስጥ ያለው «እኛ» እኔው ብቻዬን ነበርሁ። ባሽሙሀንዲስ ሻይ ከመጠጣት በቀር አልነካውም። የራሴን ላብ ለማንም አከፋፍዬ ለራሴ ሳላስቀር ቀረሁ። ተናደድሁ! ሁለተኛው ግምገማ ይምጣ እንጂ አሳያቸዋለሁ ብዬ ዛትሁ።

ሁለተኛው ሥራ ከኡም ራኩባ መጣ። ከገዳሪፍ በገላባት መንገድ ሄደህ፣ ከአስፋልቱ ወጥተህ ክረምት ከሆነ በመረሬው ጭቃ ጫማህን እያወለቅህ የምትደርስበት የስደተኞች ካምፕ ነው፤ ከትግራይ ጦርነት የሸሹት ናቸው የሚበዙት። እዚያ ያለ ጤና ጣቢያ በሩ ላይ ግፊያ ስለበዛበት የወረፋ ሲስተም ሥሩልን አለ። ወረፋ! ደስ አለኝ። ወረፋ የሚባለውን ነገር ገና በመጀመሪያው ዓመት ተምረነዋል፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ሙሉ ነጥብ ያመጣሁበት ነው። በሁለት ሳምንት ጨረስሁት። ታካሚው ስልክ ቁጥሩን ያስመዘግባል፣ ሲስተሙ ተራ ቁጥር በመልእክት ይልክለታል፣ ሲደርስ ይጠራዋል። ማጭበርበር እንዳይኖር ደግሞ ለአንድ ስልክ አንድ ተራ ብቻ ብዬ ቆለፍሁት። ያቺን ቁልፍ ስጽፍ በራሴ እንዴት እንደተደሰትሁ!

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ላፕቶፔን ታቅፌ ደረስሁ። ከጤና ጣቢያው በር ጀምሮ ድንጋይ ተደርድሯል፤ በመሀል በመሀሉ ጀሪካን፣ የተሰበረ ጆግ፣ አንዲት ነጠላ ጫማ። ሰዎቹ ራቅ ብለው በዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። «ይኼን ቆሻሻ ጥረጉልኝ፣ ጠረጴዛዬን የማኖርበት አጣሁ» አልሁ። ዘበኛው አንዴ ወደ ድንጋዩ፣ አንዴ ወደኔ አየ። ሙሀንዲሳ፣ ሴቷ መሐንዲስ፣ ካለች ምን ያድርግ፣ ሁሉንም በአካፋ ገፍቶ አጥሩ ሥር ከመረው።

ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እኔ ደግሞ ለቴክኖሎጂ የተነሳ መሰለኝ።

ምዝገባው ተጀመረ። የመጀመሪያዋ ሴት ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ፤ ገባ። ሁለተኛዋ ሰጠችኝ፤ «ይህ ቁጥር ተመዝግቧል» አለ። ሦስተኛዋም፣ አራተኛውም፣ ከሰልፉ ግማሽ የሚሆነው ሰው ቁጥሩ ያው አንድ ነው! ለካ ያን ሁሉ ሰፈር የሚያገለግለው ስልክ የአንድ ባለሱቅ ኖሯል። ሲስተሜ ሰፈሩን ሙሉ አንድ በሽተኛ አደረገው። ትንሽ ቆይቶ ባለሱቁ ራሱ እያለከለከ መጣ። መልእክት ደርሶታል፤ ለእርግዝና ክትትል ተራው ደርሷልና ባስቸኳይ እንዲቀርብ። «እኔ ደህና ነኝ፣ ምንም አልሰማኝም» እያለ ይምላል። ከሳቁ ይልቅ ጩኸቱ በለጠ፤ ድንጋያችን የት አለ፣ ተራችን የት ገባ እያሉ ጠረጴዛዬን ከበቡት።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝ፣ ባዕድ ብሆን ኖሮ ባልከፋኝ ነበር። እኔ ራሴ በጎረቤት ስልክ ያደግሁ ነኝ። እናቴ ለውኃ ጀሪካን አሰልፋ ገበያ ሄዳ ስትመለስ ጀሪካኗን እዚያው ተራዋ ላይ የምታገኝ ሴት ናት። የራሴ ስልክ ከያዝሁ ገና ጥቂት ዓመቴ፤ በዚያች ዕድሜ ውስጥ ሰው ሁሉ ከነስልኩ የተወለደ መስሎኝ አረፈው። ራስ ሳይጠና ጉተና ይሏል ይኼ ነው።

ያን ጊዜ ነው አንዲት ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ እናት ሰዉን በእጃቸው ከፈል ከፈል እያደረጉ ወደኔ የመጡት። ስድሳን ሳያልፉ አይቀሩም። ካምፑ በሙሉ «አደይ» ነው የሚላቸው፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው።

«ጓለይ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ በደህና አማርኛ «አንቺ ነሽ ያስጠረግሽው?»

«አዎ አደይ… ቆሻሻ መስሎኝ ነው።»

«ቆሻሻ? ይኼ እኮ ሰው ነው!» አሉና ከክምሩ አንድ ድንጋይ አነሱ። «ይቺ ነፍሰ ጡር ናት። ይኼ የሳል በሽተኛ ነው፣ ሌሊቱን አልተኛም። ይኼ የሕፃን ልጅ አባት ነው።» ነጠላ ጫማዋን ሲያነሱ ፈገግ አሉ። «ይቺ እንኳ ብትጠረግም ግድ የለም፤ ባለቤቷ ምኗንም አያማትም፣ የምትመጣ ወሬ ለመስማት ነው።»

ከዚያ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ከክምሩ እያነሱ በቦታቸው መለሷቸው። ከአእምሯቸው! እያንዳንዱ ሰው መጥቶ ድንጋዩ አጠገብ ቆመ። አንድም «ከዚህ ፊት ነበርሁ» ያለ የለም። የኔ ኮምፒውተር በሰዓት ያላደረገውን አደይ ሻይ በሚፈላበት ጊዜ ጨረሱት። አፈርሁ፤ ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እየተመላለስሁ እግራቸው ሥር ተቀመጥሁ። ግፊያው የመጣው በድንጋዮቹ እንዳልሆነ፣ የጤና ጣቢያው መዝጋቢዎች ድንጋዩን ችላ ብለው የጮኸውን ስለሚያስቀድሙ እንደሆነ ነገሩኝ። ደንብ አላቸው። ለሰው ድንጋይ ማኖር ይቻላል፣ ግን ለማን እንዳኖርህ ሁለት ጎረቤት ማወቅ አለበት። ተራው ደርሶ ያልመጣ ሰው ድንጋዩ አይጣልም፤ በስተቀኝ ፈቀቅ ተደርጎ ያርፋል፣ ባለቤቱ ሲመጣ ከሚቀጥለው ሰው ኋላ ይገባል። በሽታው የጠናበት መጥቶ መቅደም ካለበት ደግሞ ድንጋዩን የሚያነሳለት ሌላ ማንም አይደለም፤ ተራውን የሚለቅለት ሰው የራሱን ድንጋይ በገዛ እጁ ያነሳል።

«ለምን በገዛ እጁ?» አልኋቸው።

«በሌላ እጅ ከተነሳማ ተቀማ ነው የሚባለው» አሉኝ።

አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ሳለ «መጀመሪያ ስትመጪ አማርኛሽን ስሰማ ሆዴ ፈርቶ ነበር» አሉኝ። «አሁንስ?» አልሁ። «አሁንማ ከልጄ በምን ትለያለሽ» ብለው ዳቦውን ገምሰው ትልቁን ሰጡኝ።

ሲስተሙን እንደ አዲስ ጻፍሁት። ስልኩ ቀረ። ድንጋዮቹ ቁጥር ተቀባባቸው፤ መዝጋቢዋ፣ አንዲት ቀልጣፋ የካምፑ ልጅ፣ የድንጋዩን ቁጥርና ሁለቱን ጎረቤቶች ታስገባለች። ያረፈ ድንጋይ የሚያርፍበት ቦታ ሠራሁለት፤ ተራ ሲለቀቅም የለቃቂው ፈቃድ ካልተመዘገበ ሲስተሙ አይቀበልም። ሠራ። ግፊያው ቀረ። ኮዱን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ስድስት ጊዜ አፍርሼ ነው የጻፍሁት፤ ይቺን ለማንም አልሰጥም። ሐሳቡ ግን ከላይ እስከ ታች የአደይ ነው።

በሪፖርቱ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይም እንደዚያው ጻፍሁ፦ «ደንቡን ያስተማሩኝ በካምፑ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው።» ረቂቁን ያየልኝ መምህር መለሰልኝ። «ደስ የሚል ታሪክ ነው። የተማሪዋ የግል ድርሻ ግን አሁንም ግልጽ አይደለም።» ግልጽ አይደለም! ወደ ባሽሙሀንዲስ ሄድሁ፤ ቢሮው ከገባሁ ወዲህ ምክር ስጠይቀው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ኮዱን ማን ጻፈው?» አለኝ።

«እኔ።»

«ታዲያ?»

«ሐሳቡ የአደይ ነው።»

«ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ድንጋይ መደርደር ሐሳብ ነው እንዴ? ድንጋይ እኮ የአላህ ነው» አለና ሻዩን ጠጣ።

አሁን ሳስበው ሁለቱንም መጻፍ እችል ነበር። ሐሳቡ የሳቸው፣ ሥራው የኔ፤ ለዚህ ሁለት መስመር ይበቃል። አልጻፍሁም። ፈራሁ፣ እውነቱ ይኼው ነው። ስደተኛ ከሚለው ቃል ቀጥሎ ባዶ ቦታ ታየኝና ፈራሁ። አደይን ከሪፖርቱ ለማውጣት አንዲት ቁልፍ መንካት በቂ ነበር። በቦታቸው «ይህን የተራ አለቃቀቅ ደንብ አጥንቼና አስቤ የነደፍሁት እኔ ራሴ ነኝ» ብዬ ጻፍሁ። አቤት ሲያምር! በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ የሳቸው በቃል ስለነበር እኔ ወረስሁት።

የቃል ፈተናው በስክሪን ነበር። በዚያ ቀን ሸበካ፣ ማለት ኔትወርኩ፣ በመስኮቱ በኩል ብቻ ነበረች፤ ባሽሙሀንዲስ ለላፕቶፔ ኔት የሚሰጠውን ስልኩን በመስኮት ወደ ውጭ ዘርግቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመልኝ። መካኒኮቹም ልጅቷ ፈተና ላይ ናት ተብለው መዶሻቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ገምጋሚው መነጽሩን ከፍ አድርጎ «ተራውን የሚለቀው ሰው ራሱ እንዲያረጋግጥ ማድረግሽ ድንቅ ነው። ይህ ሐሳብ ከየት መጣልሽ?» አለኝ።

«የራሴ ነው» አልሁ። «ብቻዬን ነው ያሰብሁት።»

ባሽሙሀንዲስ ስልኩን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ፤ ክንዱ ዝሎ ነበር።

«የምንፈልገው ይኼንን ነበር» አለ ገምጋሚው። አለፍሁ፤ ያውም በማዕረግ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ፈነጠዝሁ! እናቴ እልል አለች፣ መካኒኮቹ ትራክተር አስነስተው ጥሩምባ ነፉልኝ። ለዲግሪው ፎቶ ጎረቤታችን የወርቅ ሐብሏን ልታውሰኝ ብታመጣ እናቴ መለሰችላት። «የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ የራሷን ታድርግ» አለች። ፎቶው ላይ አንገቴን ደፍቼ የታየሁት ለዚህ ነው።

ከሳምንት በኋላ ሲስተሙን ለማየት ወደ ኡም ራኩባ ሄድሁ። አደይ ከሩቅ አይተውኝ እየሮጡ መጡ። ማለፌን መዝጋቢዋ ነግራቸዋለች። «እሰይ፣ እሰይ ጓለይ!» እያሉ ትከሻዬን ስመው ስመው ሲያበቁ ሪፖርቱን ከቦርሳዬ ውስጥ አዩት።

«ይኼ ነው?»

«ነው።»

እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። ፊደል አልቆጠሩም። ገጹን ገለጥ፣ ገለጥ አድርገው «የኔ ድንጋይ በየት በኩል ነው ያለችው? አሳይኝ» አሉኝ።

ሪፖርቱን አገላበጥሁ። ሌላ የማሳየው አልነበረኝም፤ «እኔ ራሴ ነኝ» የምትለውን ያቺኑ መስመር አወጣሁና ጣቴን ጫንሁባት። «እዚህ ጋ።»

አደይ ወረቀቱን ከፍ አድርገው፣ ወንጌል እንደሚሳለም ሰው ግንባራቸውን አስነክተው፣ መስመሯን ሳሟት። «እኔን እዚህ አደረስሽኝ» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ተዪልኝ እስኪ። ከካምፑ አስተማሪዎች አንዱ እንግሊዝኛ ያነባል፤ ሰው ሰብስቤ አስነብባታለሁ።»

«አንዲት ብቻ ናት ያለችኝ አደይ፤ ሌላ አሳትሜ አመጣልዎታለሁ» አልሁ። እንደዚያ ዓይነት ውሸት እንደ ውኃ ሲፈስልኝ ራሴን ታዘብሁት።

«እሺ፣ ግድ የለም» አሉና ጎንበስ ብለው ቁጥር ያልተቀባች ድንጋይ አነሱ። ከበሩ በስተቀኝ፣ ያረፉት ድንጋዮች ከሚቀመጡበት አኖሯት። «ይቺ ያንቺ ናት። ወረቀቱን ይዘሽ እስክትመጪ ታርፋለች። አይዞሽ፣ ተራሽን ማንም አይነጥቅሽም።»

ይኼ ከሆነ ወራት አለፈ። አሁን ቋሚ ሠራተኛ ነኝ፤ ሐሙስም እንደ ሌላው ሰው ሐሙስ ሆኗል። ጭቃው ይድረቅ፣ መኪና ይገኝ፣ ሥራ ይቅለል እያልሁ ወደ ኡም ራኩባ ሳልሄድ ቆየሁ። ጭቃው ከደረቀ ሰንብቷል።

ባለፈው ሳምንት ከመዝጋቢዋ መልእክት መጣልኝ። «ከበሩ አጠገብ ቁጥር የሌላት አንዲት ድንጋይ አለች። አደይ ባለቤቷ ትመጣለች እያሉ ማንንም አላስነካም ብለዋል። ሲስተሙ ውስጥ ግን የለችም። የማን ናት ብዬ ላስገባ?»

መካኒኮቹ ብረቱን ይቀጠቅጣሉ፤ ባሽሙሀንዲስ በሩ ላይ ብቅ ብሎ «ኩሉ ተማም?» አለኝ። ወደ ስልኩ ዞርሁ።

«የእኔ ናት» ብዬ ጻፍሁላት።